ላሜራው ስላበራ 304 አይሆንም፦ ደሴ ምግብ ቤት ልትከፍት ላለችው እህታችን የስቴንለስ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዋን ሌሎችም እንዲያዩት ላስቀድመው፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። ለኪችኑ ሁለት የስራ ጠረጴዛ፣ ባለ ሁለት ገንዳ የእቃ ማጠቢያና ከምድጃው በላይ ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ላሰራ ፈልጌ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት አይነት ላሜራ አሳዩኝ፣ አንዱ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፣ ርካሽ ነው። ሌላው ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ 2ቢ ይላል፣ ይወደዳል። ባለሱቁ ሁለቱም 304 ነው አለኝ፣ ውፍረታቸውም 1.2 ሚሊ ነው አለኝ። በያጁ የሚያበራውን ግዢ ይለኛል። ደብዛዛው ለምን ተወደደ? የቱን ልግዛ?»

አብሽሪ እህቴ። ይሄ ጥያቄ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ከከፈትኩ ጀምሮ በየሳምንቱ ሳልጠየቀው አልቀርም። አጭሩን ልንገርሽና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ፣ ማብረቅረቁና 304 መሆኑ ምንም አይገናኙም። አንድ ላሜራ ላይ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፣ አንደኛው ውስጡ ምንድነው፣ ክሮሚየሙ ኒኬሉ ስንት ነው ሚለው፣ ሁለተኛው ፊቱ እንዴት ተሰራ ሚለው። 304 የመጀመሪያውን ነው ሚመልሰው፣ 2ቢ ሁለተኛውን። ስለዚህ 304 ሆኖ ደብዛዛ አለ፣ 304 ሆኖ መስታወት አለ፣ 201 ሚባለው ኒኬሉ ያነሰ ርካሽ ስቴንለስ ሆኖም ደብዛዛም መስታወትም አለ። ባለሱቁ ፊቱን እያሳየ ስለ ውስጡ ሲያወራሽ ነው ነገሩ ሚምታታው። አሁን አስቢው፣ ማስዋቡ ተጨማሪ ስራ ነው፣ ተጨማሪ ስራ ደግሞ ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቁጥሩም ውፍረቱም አንድ ከሆነ ያበራው ከደብዛዛው ሊረክስ አይገባም ነበር። ከረከሰ ወይ ውስጡ ሌላ ነው ወይ ሳስቷል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

ውስጡን እንየው። ስቴንለስ ለመባል ብረቱ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሚወፍር፣ በአይን ማይታይ ሽፋን ይሰራል፣ ሲጫር ደግሞ ራሱን መልሶ ይሸፍናል፣ እንደ ቀለም ወይ እንደ ቆርቆሮ ዚንክ ከላይ የተቀባ ነገር አይደለም። ግን ለመታደስ አየር ማግኘትና ንፁህ መሆን አለበት፣ ቆሻሻ ተጋግሮበት ወይ ጨው ተኝቶበት ከከረመ ይበሳል። 304 ሚባለው ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል ነው፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ 18/8 ሚለው ጽሁፍ ይሄው ነው። 316 ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ይገባበታል፣ ጨው የበለጠ ይችላል። 430 ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል፣ ክሮሚየሙ ግን ከ16 እስከ 18 ነው። 201 ደግሞ ኒኬሉ ከ3.5 እስከ 5.5 ወርዶ በቦታው ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝ የገባበት ነው። ውዱ ነገር ኒኬሉ ስለሆነ የዋጋው ልዩነት እዚህ ጋ ነው ያለው።

201 መጥፎ ብረት ነው እያልኩ አይደለም። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኒኬል ሲያጥር በማንጋኒዝ ተክተው ወደ ገበያ ያስገቡት ቤተሰብ ነው፣ ለደረጃ መደገፊያ ለወንበር እግር ለጌጥ ጥሩ አድርጎ ያገለግላል፣ እንዲያውም ከ304 ይጠነክራል። በስሙ ይሸጥ፣ ሰው አውቆ ይግዛው። እኔን ሚያናድደኝ በ304 ስም ተሽጦ ጨውና ሎሚና በረኪና ሚውልበት ኪችን ውስጥ ሲገባ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። ስራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ጁስ ቤት ጠረጴዛና ማጠቢያ ልሰራ እንዲሁ መስታወት ሚመስል ላሜራ ገዛሁ፣ 304 ነው ተባልኩ፣ አመንኩ፣ ሳልፈትሽ ቆረጥኩት። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር፣ ባለቤቱም ተደሰተ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደወለልኝ። ሄጄ ሳየው በፍሳሹ ቀዳዳ ዙሪያና ብርቱካን ሚጨመቅበት ጋ የሻይ ቅጠል የተበተነበት ይመስል ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። በጨርቅ ሳሸው ቡናማው ለቀቀ፣ ስሩ ግን የመርፌ ጫፍ ሚያክል ጉድጓድ ነበረ፣ ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል። ልጆቹ ደግሞ የዛገ መስሏቸው ማታ ማታ በረኪና አፍስሰው ያሳድሩበት ነበር፣ ያ ጨርሶ አባሰው። ፈርሶ በራሴ ወጪ እንደገና ሰራሁት። ከዛ ወዲህ ሳልፈትሽ መቀስ ያስገባሁበት ላሜራ የለም።

ፊቱ ጋ እንምጣ፣ ደብዛዛው ለምን ደበዘዘ ላልሽው መልሱ እዚህ ነው። ስቴንለሱ ቀልጦ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ሳንቲም ሚወፍር ጠፍጣፋ ግንድ ነው። ግሎ በሮለሮች መሀል እየተዳመጠ ወደ ጥቂት ሚሊ ይወርዳል፣ ሲግል ግን ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ስለዚህ እንደገና በእሳት አለስልሰው በናይትሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያጥቡታል። እዚህ ጋ ካቆሙት ቁጥር 1 ይባላል፣ አውሮፓዎቹ 1ዲ ይሉታል፣ ነጣ ያለ ሻካራ ነገር ነው፣ ለወፍራም ታንከርና ለፋብሪካ እቃ እንጂ ላንቺ አይሆንም። ከዛ በቀዝቃዛው ይዳመጣል። በቀዝቃዛው ሲዳመጥ ይሳሳል ይጠነክራል፣ ስለዚህ ደግሞ በእሳት ያለሰልሱትና በአሲድ ያጥቡታል፣ ይሄ 2ዲ ነው፣ ድብዝ ያለ፣ ላሜራውን ተጭኖ ወደ ውስጥ በጥልቀት ለማጎድጎድ ሚመረጥ። 2ዲውን በደንብ በተወለወለ ሮለር አንዴ ለስለስ አድርገው ሲያሳልፉት 2ቢ ይሆናል። እንግዲህ አንቺ ያየሽው ደብዛዛ ግራጫ እሱ ነው፣ አለም ላይ በብዛት ሚሸጠው የስቴንለስ ላሜራ ፊትም እሱ ነው። ያልተጠናቀቀ ወይ ያረጀ እቃ አይደለም።

ቢኤ ሚባለው ደግሞ የመጨረሻውን የእሳት ማለስለስ ኦክስጅን በሌለበት፣ በሃይድሮጅን ወይ በሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ውስጥ ነው ሚያደርጉት፣ ቅርፊት አይይዝም፣ አሲድም አያስፈልገውም፣ የሮለሩ ማብራት እንዳለ ይቀራል። በአውሮፓ 2አር ነው ስሙ። ከነዚህ በኋላ ያሉት በማሸት ሚመጡ ናቸው፣ ቁጥር 3 ሸካራ ጭረት፣ ቁጥር 4 ደቃቅ ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቁጥር 7 በጣም ሚያበራ፣ ቁጥር 8 ሙሉ መስታወት። ሱቅ ውስጥ ለመለየት እስክሪብቶ ይዘሽ ሂጂ። ላሜራው ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ 2ቢ ላይ ምስሉ የተነፈሱበት መስታወት ውስጥ እንዳለ ጭጋግ ለብሶ ይታያል፣ ልክ የደሴ የሀምሌ ጠዋት። ቢኤ ላይ የእስክሪብቶው ጽሁፍ ተገልብጦ ይታይሻል ግን ጠርዙ ለስለስ ይላል። ቁጥር 8 ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቁጥር 4 ላይ ምስሉ ይበተናል፣ ጥፍርሽን በጭረቱ ላይ አቋርጠሽ ስታስኬጂው ስስ ድምፅ ይሰማሻል፣ በጭረቱ ርዝመት ስታስኬጂው ግን ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር አለ። እነዚህ የፊት ስሞች ሚነግሩሽ እንዴት እንደተሰራ እንጂ ምን ያህል ልስልስ እንደሆነ አይደለም። ቁጥር 4 ብለው ሁለት ፋብሪካ ሚያወጡት እኩል አይመጣም፣ አንዱ በ120 ሌላው በ240 ብርጭቆ ወረቀት ሊያሸው ይችላል። ልስላሴው ሚለካው አርኤ በሚባል መለኪያ በማይክሮን (የሚሊ አንድ ሺኛ) ነው፣ ምግብ ሚነካ ፊት 0.8 ማይክሮን ወይ ከዛ በታች እንዲሆን ነው ሚፈለገው፣ 2ቢ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 ስለሚሆን ምንም ሳይነካ ያልፋል። ደንበኛ «ለንፅህና መስታወቱ ይሻላል አይደል» ሲለኝ ሁሌ ምለው ይሄንን ነው፣ 2ቢ በቂ ንፁህ ነው። መስታወቱ ደግሞ ድስት ሚጎተትበት ጠረጴዛ ላይ በሳምንቱ ጭረቱ ሁሉ ይቆጠራል፣ የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀር።

ሌላው የመጠገን ጉዳይ ነው፣ ለኔ ከሁሉም ሚበልጠው ይሄ ነው። 2ቢን ሮለር ነው የሰራው፣ ስለዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ማንም በእጁ መልሶ 2ቢ ሊያደርገው አይችልም። ተበይዶ ስፌቱ ከታሸ ያቺ ቦታ ለዘላለም ለብቻዋ ትታያለች። ቁጥር 4 ግን በጭረት ስለተሰራ በዛው ብርጭቆ ወረቀት፣ በዛው አቅጣጫ ቢታሽ ስፌቱ ይጠፋል፣ ከሶስት አመት በኋላ ቢጫርም ይታደሳል። ብየዳ ሚበዛበትና አይን ሚያየው ነገር ላይ ቁጥር 4 ምመርጠው ለዚህ ነው። ቁጥር 4 ከገዛሽ ግን ሁሉንም ላሜራ በአንዴ ከአንድ ጥቅል ግዢ፣ በያጁም የጭረቱን አቅጣጫ ጠብቆ ይቁረጥ፣ ፕላስቲኩ ላይ ቀስት ካለ አቅጣጫውን ይነግረዋል። ያለዛ ሁለቱ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ይመስላሉ።

ስታንዳርዱን በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልግሽም፣ ስሞቹን ስታዪ እንዳትደናገጪ ብቻ። በአሜሪካኖቹ ኤኤስቲኤም ኤ240 ውስጡንና ጥንካሬውን ይወስናል፣ ኤ480 ደግሞ ፊቱን፣ ሚፈቀደውን የውፍረት ልዩነት፣ ጠፍጣፋነቱን። በአውሮፓ ኢኤን 10088-2 ነው፣ በጃፓን በቀዝቃዛው ለተዳመጠው ጄአይኤስ ጂ4305። 304 በአውሮፓ 1.4301 ነው፣ በጃፓን ኤስዩኤስ 304፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። 304ኤል ካየሽ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ ያልበለጠ ነው፣ ለብየዳ የተመቸ፣ ካገኘሽው ውሰጂው። 201፣ 202 ወይ ጄ4 ሚል ካየሽ ግን የ200ዎቹ ቤተሰብ ነው። ላሜራው ጀርባ ላይ ወይ ፕላስቲኩ ላይ በቀለም የታተመ መስመር ይኖራል፣ ቁጥሩ፣ ፊቱ፣ ውፍረትና ስፋቱ፣ ከዛ የማቅለጫ ቁጥር ሚባል አንድ ረጅም ቁጥር። አስመጪው የፋብሪካ ሰርተፍኬት ካለው ያ የማቅለጫ ቁጥር ሰርተፍኬቱ ላይም ራሱ መሆን አለበት። ወረቀት ማሳየት ብቻ ምንም አይደለም፣ የሌላ ላሜራ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩን አመሳስዪ። ፕላስቲኩ ላይ ብቻ 304 ተብሎ ከተፃፈም ሙሉ በሙሉ አትመኚው፣ ፕላስቲክ በኋላም ይለጠፋል።

ውፍረቱን ደግሞ በሚዛን ነው ምትይዢው። ባለ 4 በ8 ጫማ ላሜራ 1219 በ2438 ሚሊ ነው፣ የ304 ክብደት በኪዩቢክ ሜትር ወደ 7930 ኪሎ ስለሆነ ባለ 1 ሚሊው 23.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 1.2ው 28.3፣ ባለ 0.8ው 18.9። 1.2 ነው ብለውሽ ሚዛኑ 24 ኪሎ ካለ የገዛሽው 1 ሚሊ ነው። ስታንዳርዱ ሚፈቅደው ልዩነት ቢኖርም አራት ኪሎ ሚያክል ልዩነት አይፈቅድም። ፕላስቲኩ ቢበዛ ሁለት ሶስት መቶ ግራም ነው ሚጨምረው። በካሊፐር ከለካሽ ግን ጥግ ላይ ፕላስቲኩን ግለጪው፣ እሱ ራሱ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ስለሚወፍር ያሳስትሻል።

ማግኔት ይዤ ልሂድ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂኝ ልመልስ፣ ያዢ ግን ብዙ አትጠብቂበት። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከያዘ 430 ወይ መሰሉ ነው፣ ይሄን ይለይልሻል። 304ና 201ን ግን አይለይም፣ ሁለቱንም አይዝም። ሰው «ማግኔት ስላልያዘ 304 ነው» ሲል በየቀኑ እሰማለሁ፣ ይሄ ነው ብዙውን ሰው ሚያከስረው። በተቃራኒው ደግሞ ንፁህ 304 የታጠፈበትና የተጎዳጎደበት ቦታ ላይ ማግኔት በትንሹ ሊስበው ይችላል፣ በቀዝቃዛው ሲጎዳ ባህሪው ስለሚቀየር ነው፣ ያን አይተሽ ውሸት ነው ብለሽ ባለሱቁን እንዳትጣይው። 201ን ሚለየው የማንጋኒዝ መፈተሻ ፈሳሽ ነው፣ ከትንሽ ባትሪ ጋር ነው ሚመጣው። ፕላስቲኩን ግለጪ፣ ፊቱን ጥረጊ፣ አንድ ጠብታ ጣል አድርገሽ ባትሪውን ለጥቂት ሰከንድ ማስነካት ነው፣ ማንጋኒዝ ከበዛበት ጠብታው እያየሽው ይቀላል፣ 304 ላይ እንዲህ አይቀላም። ብረታ ብረት ሚሸጡ ሰዎች ጋ ጠይቂ፣ ደህና በያጅ ጋም አይጠፋም። ቁራጭ ይዘሽ ብትመጪ እኔም እፈትሽልሻለሁ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም።

እና የቱን ልግዛ ላልሽው፣ ለጠረጴዛዎቹ 304 ቁጥር 4 ባለ 1.2፣ ከስሩ በደንብ ድጋፍ ይደረግበት፣ ካልሆነ ሽሮ ድስት ሲቀመጥበት እንደ ከበሮ ይጮሃል። ለማጠቢያው ገንዳ 304 2ቢ፣ ያ ያሳዩሽ ደብዛዛ ፈተናውን ካለፈ እሱኑ ውሰጂ፣ 1.2 ይሁን፣ 1 ሚሊም ይሰራል። ሁዱ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ይቻላል፣ 430 ይበቃዋል፣ ዘይትና እንፋሎት ነው ሚያገኘው፣ ጨው ተኝቶበት አያድርም፣ ማግኔት ቢይዘው ግድ የለም። እዛ ጋ ሚያበራ ከወደድሽ ቢኤ አድርጊው፣ ዘይቱም ቶሎ ይጠረጋል። አዋዜና የተዘፈዘፈ ጨዋማ ነገር ማስቀመጫ ግን ከ304 አታሰሪ፣ ጨውና ኮምጣጣ ነገር ቀን ከሌት ሲተኙበት እሱንም ይበሳዋል፣ ለዛ 316 ነው፣ ውድ ነው፣ ወይ ደግሞ መስታወት ማሰሮና የምግብ ፕላስቲክ ይበቃሻል።

ጥሩ ላሜራ ገዝቶ በስራ ማበላሸትም አለ፣ እዚህ ላይ ከበያጁ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ብየዳው በአርጎን ይሁን፣ ለ304 የብየዳ መሙያ ሽቦው 308ኤል ሚባለው። ዋናው ነገር ጥቁር ብረት ሲቆርጥ ሲያሽ የዋለበትን የግራይንደር ዲስክ ስቴንለሱ ላይ እንዳይነካ፣ አዲስ ዲስክ ለብቻው ያዘጋጅ፣ ብሩሹም የስቴንለስ ብሩሽ ይሁን። ደቃቅ የጥቁር ብረት ብናኝ ፊቱ ላይ ከተሰካ የሚዝገው እሱ ነው፣ ሰው ግን ስቴንለሱ ዛገ ይላል። ከመርካቶ በአይሱዙ ሲጫንም ፌሮ ላዩ ላይ ከተከመረበት ያው ነው፣ ጣርማ በር እስኪያልፍ ሲፋተግ ይውላል፣ ስለዚህ ፕላስቲኩ የተቀደደ ላሜራ ስትረከቢ በደንብ እዪው። ብየዳው ዙሪያ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ከቀረም ይነሳ፣ ከስሩ ክሮሚየሙ የሳሳበት ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ ሚበሳው እዛ ነው። በአሲድ ቅባት ያነሱታል፣ ቅባቱ ሃይድሮፍሎሪክ ስላለበት አደገኛ ነው፣ በጓንትና በመነፅር፣ ደጅ ላይ፣ በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ልጆች በሌሉበት። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አሽቶ ማንሳትም ይቻላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት እቃውን በንፁህ ውሃ አርጥበሽ አሳድሪው፣ እየደረቀ ሲሄድ መልሰሽ አርጥቢው። ጠዋት የዝገት ነጠብጣብ ካየሽ የብረት ብናኝ ቀርቶበታል፣ ያፅዳው፣ ያኔ በቀላሉ ይስተካከላል። ፕላስቲኩን ምድጃ ከመለኮስሽ በፊት ሙሉ በሙሉ አንሺው፣ ሙቀት ካገኘው ሙጫው ይጋገርና አይለቅም። ማፅጃው ፈሳሽ ሳሙና፣ ስፖንጅና ለብ ያለ ውሃ ነው፣ የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ አይንካው። በረኪና የግድ ካስፈለገሽ በውሃ አቅጥነሽ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አለቅልቀሽ፣ ደረቅ አድርገሽ ጥረጊው፣ ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈሽ እንዳታሳድሪ።

አሁን ሱቁ ጋ ስትመለሺ የሁለቱንም ላሜራ ጀርባ ላይ ያለውን የታተመ መስመር ፎቶ አንሺልኝና ክብደታቸውን አስመዝነሽ ፃፊልኝ፣ ያን ሳይ የትኛው ምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ እስከዛ ቀብድ አትክፈይ።